ከመሣሪያው በፊት ሳሎኑን ለኩ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ያለ ጆይስቲክ፣ በእጅና በእግር እንቅስቃሴ ብቻ ስለሚጫወቱት የቤት ውስጥ ጌም ሲወራ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዱ «ልጆቹ ላብ በላብ ሆኑ፣ ከሶፋ ተነሡልኝ» ይላል። ሌላው «አይሠራም፣ እጄን አያየውም፣ ወደ ካርቶኑ መለስኩት» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ስለ ኪኔክት፣ ማለትም ኤክስቦክስ ከሚባለው የጌም ማሽን ጋር ተያይዞ የተጫዋቹን እንቅስቃሴ በካሜራ ስለሚከታተለው መሣሪያ። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዕቃው ከተቀመጠበት ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሻንጣ ያመጣለትን ኪኔክት ተበላሽቷል ብሎ ያስቀመጠ ሰው አውጥቶ እንደገና እንዲሞክረው፣ ያገለገለ ሊገዛ ያሰበም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሜትር ይዞ ሳሎኑን እንዲለካ ነው።

ማይክሮሶፍት ኪኔክትን ለኤክስቦክስ 360 ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 ነው። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት 8 ሚሊዮን ተሽጦ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2003 ሶኒ ለፕሌይስቴሽን 2 አይቶይ የሚባል ካሜራ አውጥቶ ነበር፤ ያ ግን የሚያየው ጠፍጣፋ ምስል ስለሆነ ቅርቡንና ሩቁን አይለይም። ኪኔክት ርቀት ይለካል። ፕራይምሴንስ በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ቴክኖሎጂ፣ ዓይናችን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን በብዙ ሺህ ነጥቦች አድርጎ ክፍሉ ላይ ይበትናል። ብርሃኑ በዓይን ቢታይ ኖሮ ሳሎኑ ጤፍ የተበተነበት ሰፌድ ይመስል ነበር። አጠገቡ ያለው የኢንፍራሬድ ካሜራ እያንዳንዱ ነጥብ ከሚጠበቅበት ቦታ ምን ያህል እንደተዛነፈ አይቶ ርቀቱን ያሰላል፤ ይህን በሰከንድ 30 ጊዜ ያደርጋል። ቀጥሎ በካምብሪጅ ያሉ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች የሠሩት ዘዴ ምስሉን በ31 የአካል ክፍሎች ይከፋፍልና 20 መገጣጠሚያዎችን ያወጣል፤ ራስ፣ ትከሻ፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት እያለ። ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ችግሮች በሙሉ ከዚህ አሠራር የሚመነጩ ናቸው፤ ነጥቦቹ ካልታዩ ርቀት የለም፣ ርቀት ከሌለ አካል የለም።

ወደ ልኬቱ እንሂድ፤ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። የአምራቹ መመሪያ ለአንድ ተጫዋች 1.8 ሜትር፣ ለሁለት ተጫዋች 2.4 ሜትር ርቀት ይጠይቃል። ይህ ግን ዝቅተኛው ነው፤ ለመጫወት የሚመቸው ርቀት ከዚያ ይበልጣል። ኪኔክት በአግድም 57 ዲግሪ፣ በቁመት 43 ዲግሪ ያያል። በ1.8 ሜትር ርቀት ላይ ይህ ሲሰላ ስፋቱ 1.95 ሜትር፣ ቁመቱ 1.4 ሜትር ገደማ ይሆናል። የ9 ዓመት ልጅ እዚያ ውስጥ ይገባል። ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ አባት ግን ወይ ከአንገቱ ወይ ከጉልበቱ ይቆረጣል፤ «ልጄን ያየዋል፣ እኔን አያየኝም» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። በ2.4 ሜትር ላይ ቁመቱ ወደ 1.9 ሜትር ከፍ ስለሚል ሙሉ ሰው ይገባል፤ እጁን ወደ ላይ ሲሰቅል ግን መዳፉ ከምስሉ ይወጣል። በ2.7 ሜትር 2.1 ሜትር ያህል ቁመት ይታያል፤ አዋቂ ሰው ሳይሳቀቅ የሚጫወተው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ሁለት ሰው ሲሆን ስፋቱ ያስቸግራል። በ2.4 ሜትር የሚታየው ስፋት 2.6 ሜትር ነው። ሁለት አዋቂዎች እጃቸውን ቢዘረጉ እያንዳንዳቸው 1.7 ሜትር ያህል ይይዛሉ፤ ድምሩ ከዚያ ስለሚያልፍ ክርን ለክርን ይጋጫሉ ወይም አንዱ ከጠርዝ ይወጣል። ወደ 3 ሜትር ሲርቁ ስፋቱ 3.25 ሜትር ገደማ ይደርሳልና ይተናፈሳሉ። ከተጫዋቹ ጀርባ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ባዶ መሆን አለበት፤ ጥጃው ሶፋውን ከነካ መሣሪያው እግሩንና ሶፋውን እንደ አንድ ነገር ይቆጥራቸዋል። እንግዲህ ከኪኔክቱ ፊት እስከ ኋለኛው ሶፋ ድረስ ለአንድ ሰው ከ3 ሜትር በላይ፣ ለሁለት ሰው 3.5 ሜትር ያስፈልጋል። ሜትር ካልተገኘ ክንድ ይበቃል፤ ስድስት ክንድ ወደ 3 ሜትር፣ ሰባት ክንድ ወደ 3.5 ሜትር ነው።

የኮንዶሚኒየም ሳሎን ይህን ያህል ላይሰጥ ይችላል። ያኔ ቴሌቪዥኑን ግድግዳው መሐል ከመትከል ይልቅ ጥግ ላይ ወደ ተቃራኒው ጥግ አዙሮ ማስቀመጥ ይረዳል። ባለ 3 በ4 ሜትር ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ 5 ሜትር ነው፤ ቴሌቪዥኑና ቡፌው የሚይዙት ቦታ ቢቀነስ እንኳ ከሌላው አቀማመጥ የተሻለ ርቀት ይተርፋል። መሐል ያለውን ጠረጴዛ ገፋ ማድረግ አይበቃም፤ ከክፍሉ ይውጣ። ጠረጴዛ ከጉልበት በታች ያለውን ይጋርዳል፤ እግር ሲጋረድ መሣሪያው መገጣጠሚያዎቹን በግምት ስለሚያስቀምጥ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው እግሩን ያወዛውዛል፣ ሳይዘል የዘለለ ይመስላል።

ኪኔክቱ ከወለሉ ከ0.6 እስከ 1.8 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በቴሌቪዥኑ መሐል አንጻር፣ ከላይ ወይም ከታች በ15 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን። ቡፌ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ወደ ፊት ጠርዝ ድረስ ያውጣው። ወደ ኋላ ገባ ካለ የቡፌው ጠርዝ ራሱ የታችኛውን እይታ ይቆርጠዋል፤ ይህ ስሕተት በብዙ ቤት አለ። የሚንቀጠቀጥ ነገር ላይ፣ በተለይ ስፒከር ላይ፣ አይቀመጥ። ለኤክስቦክስ 360 የተሠራው ኪኔክት አንገቱን በራሱ ሞተር ወደ ላይና ወደ ታች 27 ዲግሪ ያዞራል። በእጅ ማዞር የውስጥ ጥርሶቹን ይሰብራል። አንገቱ አጎንብሶ የቀረና ሲነሣ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ኪኔክት ካጋጠማችሁ በእጅ የተጠመዘዘ ሊሆን ይችላል። ቦታው ሲስተካከል ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ፤ ልጆች ሲጫወቱ ሳያውቁት ወደ ቴሌቪዥኑ ስለሚጠጉ መስመሩ ይመልሳቸዋል።

ቀጥሎ ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ኢንፍራሬድ በብዛት አለ፤ ከሰዓት በኋላ በመስኮት ገብቶ ወለሉ ላይ ሲያርፍ የኪኔክትን ነጥቦች ይውጣቸዋል። ጠዋት ደህና የሠራ መሣሪያ በ10 ሰዓት «የታወረው» ለዚህ ነው። ወፍራም መጋረጃ መዝጋት ይበቃል። የድሮው ባለ ክር አምፖልም ተመሳሳይ ጨረር ስለሚያወጣ ወደ መሣሪያው ወይም በተጫዋቹ ላይ በቀጥታ እንዳይበራ ማድረግ ነው፤ ፍሎረሰንትና ኤልኢዲ አያስቸግሩም። ጨለማ ራሱ ለርቀት ልኬቱ ችግር የለውም፤ የራሱን ብርሃን ይረጫልና። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ወለል፣ መስታወትና የተወለወለ ጥቁር ቆዳ ግን ነጥቦቹን ወይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንጸባርቃሉ ወይ ይውጣሉ። ሴራሚክ ላይ ቀጭን፣ የማይንሸራተት ምንጣፍ ማንጠፍ ሁለት ጥቅም አለው፤ ወለሉ ለካሜራው ይታያል፣ ካልሲ ያደረገ ልጅም አይወድቅም።

ስለ ልብስ የተለየ ነገር ማለት ያለብኝ እኛ የምንለብሰውን የአምራቹ መመሪያ ስለማያውቀው ነው። በስክሪኑ ታችኛ ጥግ መሣሪያው የሚያየውን ጥላ የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች። ረጅም የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ፊቱ ስትቆም መስኮቷ ላይ ያለውን ጥላ ተመልከቱ፤ ከወገብ በታች ሁለት እግር የለም፣ አንድ ሰፊ ደወል ነው ያለው። ስትራመድ ደወሉ ይወዛወዛል፤ መሣሪያው አንዴ ግራውን ጠርዝ፣ አንዴ ቀኙን እግር ብሎ ይይዛል። ነጠላ ደግሞ ከክንድ ወደ ጎን ስለሚንጠለጠል ክንድና ደረት መሐል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፤ እጇን ብትዘረጋ እንኳ ጥላው ላይ ክንዱ ከአካሉ አይለይም። ጋቢም እንዲሁ። በበዓል ቀን ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ሲሞከርና «አልሠራ» ሲል መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ነጠላውን አስቀምጦ ቀሚሱን በመቀነት ከፍ አድርጎ ማሰር፣ ወይም በእጅ ብቻ የሚጫወቱትን መምረጥ መፍትሔ ነው። ቱታና ቲሸርት ከሁሉ ይመቻል።

በዚያው በዓል ቀን ሌላም ችግር አለ፤ ሰው ያልፋል። የመጀመሪያው ኪኔክት እስከ 6 ሰው መኖሩን ያውቃል፤ መገጣጠሚያቸውን አሟልቶ የሚከተለው ግን 2 ሰው ብቻ ነው። ቡና ይዞ በመሐል ያለፈ ሰው ተጫዋቹን ለአፍታ ይጋርደዋል፤ ያን ጊዜ ጌሙ ይቆማል ወይም አላፊውን እንደ ተጫዋች ይወስደዋል። ተመልካች ከተጫዋቾቹ ጎን ሳይሆን ከኪኔክቱ መስመር ኋላ፣ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ቢቀመጥ ይሻላል። የተጫዋቾችን ፊት ስለሚያይም ጨዋታው ለእሱም ይጥመዋል።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ደግሞ ምናሌው ላይ ነው። ለመምረጥ እጅን ሥዕሉ ላይ አድርጎ ክቡ እስኪሞላ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እጅ ይዝላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ክቡ ሊሞላ ሲል ይንሸራተታል። እጅን ደረት ፊት ማድረግ ያባብሰዋል፤ መዳፉ ከደረቱ በርቀት በደንብ ስለማይለይ። ክርንን ጎን አስጠግቶ መዳፍን ከትከሻ ወጣ፣ ከደረት ራቅ አድርጎ መያዝ ነው። ለምናሌው ጆይስቲክ መጠቀምም ይቻላል፤ ምንም አያስነውርም። ጨዋታ ለማቋረጥ ቀኝ እጅን ጎን አድርጎ ግራ እጅን በ45 ዲግሪ ወደ ውጭ ዘርግቶ መያዝ ነው። የድምፅ ትእዛዝ ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም።

መዘግየትም አለ፤ ሊደበቅ አይገባም። እጅ ተንቀሳቅሶ ስክሪኑ ላይ እስኪታይ ድረስ በዓይን የሚታወቅ ክፍተት አለው። በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን ጌም ሞድ የሚባል የምስል አማራጭ ማብራት ከፊሉን ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም። ስለዚህ የጌም ምርጫ ወሳኝ ነው። ኪኔክት ስፖርትስ የሚባለው ዲስክ እግር ኳስ፣ ቦውሊንግ፣ አትሌቲክስ፣ ቦክስ፣ የጠረጴዛ ቴኒስና የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ አለው። ከሁሉ የምመክረው ቦውሊንጉን ነው። እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ ኳሱን ማንሣት፣ ወደ ኋላ ወስዶ መወርወር፤ ጊዜው ትንሽ ቢዛነፍም ኳሱ ይሄዳል። በተራ ስለሚጫወቱት ጠባብ ሳሎን ይበቃዋል፣ መዝለል ስለሌለበትም አያት ከልጅ ልጅ ጋር ይጫወቱታል። ቦክሱና ቴኒሱ ላይ መዘግየቱ ይጎላል። ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይሸጥ የነበረው ኪኔክት አድቬንቸርስ ለልጆች ጥሩ ነው፤ በመስታወት ሣጥን ላይ የሚፈጠሩ ቀዳዳዎችን በእጅ፣ በእግርና በጭንቅላት የሚደፍኑበትና በወንዝ ላይ ጀልባ የሚመሩበት ጨዋታ አለው። እነዚህ ዝላይ ስላለባቸው ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው፣ እዚህ ኮንዶሚኒየምም ሆነ አሜሪካ አፓርትመንት፣ ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍ ቢያነጥፍና ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወደ ቦውሊንጉ ቢዞር ከታች ካለው ጎረቤት ጋር በሰላም ይኖራል።

አሁን ገንዘብ ወደሚያስከፍለው ስሕተት ልምጣ። ከአሜሪካ የመጣ የኤክስቦክስ 360 የኃይል ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 127 ቮልት ነው የሚቀበለው። የእኛ ሶኬት 220 ቮልት ነው። መሰኪያውን በአዳፕተር ቀይሮ መሰካት ቮልቱን አይቀይረውም፤ የኃይል ሣጥኑን ይገድለዋል። ሣጥኑ ጀርባ ላይ «ኢንፑት» ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈውን አንብቡ። 100–127 ካለ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር፣ ወይ ለዚያው የኤክስቦክስ ዓይነት የተሠራ የ220 ቮልት የኃይል ሣጥን። የመጀመሪያዎቹ 360ዎች የኃይል ሣጥን 203 ዋት፣ ቀጭኑ ኤስ የሚባለው 135 ዋት ነው፤ ትራንስፎርመሩ ለመጀመሪያው 500፣ ለቀጭኑ 300 ዋት ቢሆን አይሞቅም። ከኤምሬትስ ወይም ከአውሮፓ የመጣው ይህ ችግር የለበትም። የኃይል ሣጥኑ ላይ ያለው መብራት ኤክስቦክሱ ሲሠራ አረንጓዴ፣ ሲጠፋ ብርቱካናማ ነው፤ ቀይ ከሆነ ሣጥኑ ችግር አለበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልት ከፍ ብሎ ሊመጣ ስለሚችል፣ ስታቢላይዘር የሌለው ሰው ሲጠፋ ነቅሎ ቢጠብቅ ይሻላል።

የኪኔክቱ ገመድም ግራ ያጋባል። ጫፉ ተራ ዩኤስቢ አይደለም። ቀጭኖቹ 360 ኤስና 360 ኢ ለእሱ የተለየ ቀዳዳ ከኋላቸው አላቸው፤ ኃይሉንም ከዚያ ያገኛል። የድሮው ወፍራም 360 ግን የራሱ የኃይል አዳፕተር ያለው፣ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ይፈልጋል፤ ያም ከኋላ ባለው ዩኤስቢ ነው የሚሰካው። ይህ ገመድ ሳይኖር የተሸጠ ኪኔክት በወፍራሙ ላይ መብራቱ እንኳ አይበራም። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትም ማንበብ አይዘንጋ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ከኤክስቦክስ ዋን ጋር የወጣው ሁለተኛው ኪኔክት ሌላ ዕቃ ነው። በ360 ላይ አይሠራም፤ የ360ውም በዋን ላይ አይሠራም። ርቀትን የሚለካው ብርሃን ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ በማስላት ነው፤ 70 በ60 ዲግሪ ያያል፣ 25 መገጣጠሚያዎችን በ6 ሰው ላይ ይከተላል፣ ከ1.4 ሜትር ጀምሮም ይሠራል። ለጠባብ ሳሎን ይህኛው ይሻላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን ላይ ብቻ ነው በቀጥታ የሚሰካው፤ ዋን ኤስና ዋን ኤክስ የተለየ አዳፕተር ይፈልጋሉ፣ የዚያ አዳፕተር ምርት ደግሞ ቆሟል። አዲሶቹ ሲሪስ ኤስና ሲሪስ ኤክስ ጨርሶ አይቀበሉትም። ኪኔክት ራሱ መመረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የኤክስቦክስ 360 የኢንተርኔት መደብርም እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 ስለተዘጋ አዲስ ጌም ከዚያ መግዛት አይቻልም፤ ለ360 የሚገዛ ሰው ከነዲስኩ ይግዛ። ዲስኮቹም ክልል አላቸው፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ ዲስኮች በአውሮፓ ኤክስቦክስ ላይ፣ የአውሮፓዎቹም በአሜሪካው ላይ አይከፈቱም። ኪኔክቱ ግን የክልል ገደብ የለውም።

ያገለገለ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አሰክታችሁ እዩት። ሲበራ አረንጓዴ መብራቱ ይብራ፤ አንገቱ በራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀስ። ከዚያ በሴቲንግ ውስጥ ኪኔክት ቲዩነር የሚለውን ከፍታችሁ 2.5 ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁሙ፤ ጥላችሁ ከራስ እስከ ቁርጭምጭሚት ሳይቦጫጨቅ መታየት አለበት። የተለመደ ቀለም ምስል እየታየ ጥላው ካልመጣ የኢንፍራሬዱ ክፍል ሞቷል፤ ያን የሚያስተካክል መለዋወጫ ለማግኘት አትድከሙ። የፊተኛውን መስታወት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ የጣት አሻራና ጭረት ነጥቦቹን ያደበዝዛል። ቤት ስትወስዱትም ካልተጫወታችሁ ንቀሉት፤ ካሜራና አራት ማይክሮፎን ያለው ዕቃ ነው፤ ለመጫወት ደግሞ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ያገለገሉ ዕቃዎች የምትሸጡ ነጋዴዎችን በጋዜጣው በኩል የምጠይቀው፣ ካርቶኑ ላይ ከዋጋው ጎን ሦስት ነገር በአማርኛ እንድትጽፉ ነው፤ ኪኔክቱ የ360 ይሁን የዋን፣ የኃይል ሣጥኑ የሚቀበለው ቮልት ስንት እንደሆነ፣ ለገዢው ሳሎን የሚያስፈልገው ርቀት ስንት ሜትር እንደሆነ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ